ቴዎሶፊን ልታነቡ ነው? መጽሐፈ ሄኖክን አጠገባችሁ አድርጉ

ቴዎሶፊ የሚባለው ነገር፣ ማለትም ከሃይማኖቶች ሁሉ ጀርባ አንድ ጥንታዊ ጥበብ አለ የሚለው ትምህርት፣ ዩቲዩብ ላይ ሳይገጥማችሁ አልቀረም። «የጥንት ግብፅ ምስጢር»፣ «ሃይማኖት ሁሉ ከአንድ ምንጭ ነው የተቀዳው» ምናምን። ግማሹ ሰው ወዲያው ይማረካል፣ ግማሹ ደግሞ «ጥንቆላ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አላነበቡትም። ማመን አለማመኑ የናንተ ነው፣ እኔ የምነግራችሁ አነባበቡን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የትምህርቱን ዋና ጸሐፊ ሄለና ብላቫትስኪን እወቁ። የቴዎሶፊ ማኅበር የተመሠረተው በ1875 ኒውዮርክ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከመሥራቾቹ ዋናዎቹ ብላቫትስኪ፣ ኮሎኔል ሄንሪ ኦልኮትና ዊልያም ጀጅ ናቸው። በ1879 ብላቫትስኪና ኦልኮት ሕንድ ገቡ፣ በ1880 ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ላይ የቡድሃን እምነት በይፋ ተቀበሉ፣ በ1882 ደግሞ ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) አጠገብ አድያር የሚባል ቦታ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ተከሉ። ይህ ለምን ይጠቅማችኋል? በ1877 የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ መጽሐፏ ይበልጥ ወደ ግብፅና ግሪክ ያዘነብላል፤ በ1888 የወጣው «ሲክሬት ዶክትሪን» ግን ሕንድና ቲቤት ሞልተውታል። የጥንቱ ጥበብ ጸሐፊዋ በሄደችበት አብሯት ተጉዟል ማለት ነው።

በ«ሲክሬት ዶክትሪን» እንዳትጀምሩ። ሁለት ወፋፍራም ጥራዝ ነው፣ ሰው ሃምሳ ገጽ ሳይሞላ ይተወዋል። በ1889 የወጣው «የቴዎሶፊ ቁልፍ» በጥያቄና መልስ ስለተጻፈ ይቀላል። ገና ሲጀምር ቴዎሶፊ የሚለውን ስም በሦስተኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ ውስጥ ያስተምር ከነበረው ከፈላስፋው ከአሞኒየስ ሳካስ ጋር ታያይዘዋለች። እዚህ ጋ ቆም በሉ። አሞኒየስ በእጃችን ያለ አንድም ጽሑፍ የለውም። የደረሰን የተማሪው የፕሎቲነስ ሥራ ነው፣ 54 ድርሰት። ከእሱ ሁለት ሦስቱን አንብባችሁ ወደ ብላቫትስኪ ተመለሱ።

አሁን ደብተር አውጡና ገጹን ለሦስት ክፈሉት። በአንደኛው ዓምድ የጥንቱ ጽሑፍ ራሱ የሚለውን፣ በሁለተኛው ብላቫትስኪ እንዲህ ይላል ያለችውን ጻፉ። ሦስተኛው ምንጩ ሊታይ ለማይችል ነገር ነው፣ እሱ ቶሎ ይሞላል፣ አትደንግጡ። ለምሳሌ «ሲክሬት ዶክትሪን» የተመሠረተው የዝያን መጽሐፍ በሚባል ጥንታዊ ጽሑፍ ላይ ነው ትላለች፤ ያ ብራና ግን ተገኝቶ አያውቅም። ሁለተኛው ጥራዝ ላይ ስለ ሰው ዘሮች የምትጽፈውም የዘመኗን የዘር ደረጃ አሰጣጥ የተሸከመ ነው፣ እያያችሁ እለፉ።

በዳግም መወለድ ተለማመዱ። ቴዎሶፊ ሰው አንዴ ሰው ከሆነ ተመልሶ እንስሳ አይሆንም ይላል። ፕላቶን ክፈቱ። «ፖለቲያ» በሚባለው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ነፍሳት ቀጣዩን ሕይወታቸውን ሲመርጡ ኦርፌዎስ ዳክዬ መሳይዋን ስዋን፣ አጋሜምኖን ንስርን ይመርጣል። ቡድሃ ደግሞ ከሕይወት ወደ ሕይወት የሚሻገር ቋሚ «እኔ» የለም ብሎ ነው ያስተማረው። ሦስቱ አንድ ናቸው የሚላችሁ ሰው ዓምዶቹን አልሞላም።

ለኛ ግን በጣም የሚጣፍጠው ሄኖክ ነው። ሙሉው መጽሐፍ የተረፈው በግዕዝ ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ። ጎንደር የከረመው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ገባ፣ ሎረንስ የሚባል ምሁር በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ብላቫትስኪ የምትጠቅሰው ይህንን የሎረንስን ትርጉም ነው። ታዲያ ምን ታደርገዋለች መሰላችሁ? የወደቁት መላእክት ለሰው ልጅ አእምሮና እውቀት የሰጡ ባለውለታዎች ናቸው ትላለች። በሉ እናንተ ደግሞ ሄኖክን ግለጡት፣ የእንግሊዝኛ ትርጉም አያስፈልጋችሁም። ሁለት መቶ ሆነው በአርሞንኤም ተራራ ይወርዳሉ፣ አዛዝኤል ለወንዶቹ ሰይፍና ጋሻ መሥራትን ያስተምራል፣ ዓይን መኳልና ጌጥም ከእሱ ነው የመጣው፣ ከዚያ ምድር በደም ትሞላና እሱ እጅ እግሩ ታስሮ ጨለማ ውስጥ ይጣላል። ውለታ የሚመስል ነገር የለበትም። ጽሑፉ አንድ ነው፣ ፍርዱ ግን ተገልብጧል። ግልበጣው ስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተደረገ አዲስ ንባብ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ከጥንት ግኖስቲኮች (ሰው የሚድነው በምስጢራዊ እውቀት ነው ይሉ ከነበሩት ቡድኖች) መካከል የኤደንን እባብ እንደ መልካም አስተማሪ የቆጠሩ ነበሩና፣ መንገዱን የጠረገችው እሷ አይደለችም።

እዚህ ከደረሳችሁ ቀጣዩ ግኖስቲኮቹ ናቸው። «ፒስቲስ ሶፊያ» የሚባለውን የቅብጥ ጽሑፍ በ1896 በእንግሊዝኛ ያወጣው ሚድ የብላቫትስኪ ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። ሌላም አለ። ያው ብሩስ ወደኛ ከመምጣቱ በፊት ግብፅ ውስጥ አንድ የቅብጥ ግኖስቲክ ጥራዝ ገዝቶ ነበር፣ አሁን ኦክስፎርድ ይገኛል። ሄኖክን ስትጨርሱ እሱን ፈልጉ።