የሙቀት ካሜራ ፍተሻን ያለ ካሜራ በኤክሴል እንዴት እንደሚሠራ

ምጣድ የሚገዛ ሰው በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ስንጥቅ እንዳለው ከድምፁ ይለያል። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎችም ኮምፖዚትን (እንደ ካርቦን ፋይበር ያሉ ክሮች በሙጫ ተነባብረው የሚሠራ ቁስ) በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ይፈትሻሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 በክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው፤ ንብርብሮቹ ውስጥ ውስጡን ቢላቀቁ ከላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ሁለተኛው ዘዴ ሙቀት ነው። ገጹን በኃይለኛ ፍላሽ ለቅጽበት ያሞቁትና ሲቀዘቅዝ በሙቀት ካሜራ ይከታተሉታል። ከሥሩ አየር ያለበት ቦታ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ስለማያልፍለት ዘግይቶ ይቀዘቅዛል።

ካሜራው ውድ ነው። አሠራሩን ለመረዳት ግን ላፕቶፕ ይዞ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ መቀመጥ ይበቃል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፋይሉን ቶሎ ቶሎ አስቀምጡ።

ደረጃ 1፦ ሰሌዳው
4 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው የኮምፖዚት ሰሌዳ 40 ዓምዶች ውሰዱ። እያንዳንዱ ዓምድ 0.1 ሚሊሜትር ነው፤ የመጀመሪያው ካሜራው የሚያየው ገጽ ነው። ረድፎቹ ጊዜ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ 0.01 ሴኮንድ። ለ10 ሴኮንድ 1,000 ረድፍ ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ፍላሹ
በመጀመሪያው ረድፍ፣ አንደኛው ዓምድ ላይ 62.5፣ በቀሩት ላይ 0 ጻፉ። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በካሬ ሜትር 10,000 ጁል በ0.1 ሚሊሜትር ውስጥ ሲቀር፣ ጥግግቱን 1,600 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ፣ የሙቀት አቅሙን በኪሎ ግራም ለአንድ ዲግሪ 1,000 ጁል ብለን ስናሰላ የሚገኝ የዲግሪ ጭማሪ ነው። የምንቆጥረው ከክፍሉ ሙቀት በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ የፒያሳ ጠዋት ቢበርድም ሒሳቡን አይነካውም።

ደረጃ 3፦ ቀመሩ
አዲስ ሙቀት = የቀድሞው + 0.4 × (የግራ ጎረቤት + የቀኝ ጎረቤት − የቀድሞው እጥፍ)። ሦስቱም የሚወሰዱት ከላይኛው ረድፍ ነው። ጫፍ ላይ ያሉት ሁለቱ ዓምዶች አንድ ጎረቤት ብቻ ስላላቸው 0.4 × (ጎረቤት − የቀድሞው) ይጨመርላቸዋል። ከዚያ ቀመሩን እስከ ታች ጎትቱት። 0.4 የመጣው ሙቀት በቁሱ ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት፣ በሴኮንድ 0.4 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ፣ ነው። ለመቸኮል ብላችሁ የጊዜ እርምጃውን አታስረዝሙ፤ ቁጥሩ ከ0.5 ካለፈ ሙቀቱ ላይ ታች እየዘለለ ሉሁ ትርጉም የለሽ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ጉድለቱ
ሉሁን ቅዱና 10 ዓምድ ብቻ አስቀሩ፤ አሥረኛው የጫፍ ቀመር ይያዝ። በ1 ሚሊሜትር ጥልቀት የተላቀቀ ንብርብር ማለት ይኸው ነው። አየር ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከኮምፖዚቱ 25 ጊዜ ያህል አንሶ ስለሆነ እንደ ዝግ ግድግዳ ብንወስደው ብዙም አንሳሳትም።

ደረጃ 5፦ ንባቡ
የሁለቱን ሉሆች አንደኛ ዓምድ በአንድ ግራፍ ላይ አውጡ። እስከ ግማሽ ሴኮንድ አይለያዩም። በ2.5ኛው ሴኮንድ ጤነኛው ወደ 3.5 ዲግሪ ወርዷል፤ ጉድለት ያለው 6.25 አካባቢ ቆሟል። አሁን የግራፉን ሁለቱንም ዘንጎች፣ የጊዜውንም የሙቀቱንም፣ በሎጋሪዝም ስኬል አድርጉ። ጤነኛው ከመጀመሪያዎቹ ረድፎች በኋላ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሌላው ከመስመሩ ይታጠፋል። ባለቀለም ምስል ዓይን ይማርካል፤ እኔ የማምነው ግን ይህን መታጠፊያ ነው፣ ጥልቀቱን የሚናገረው እሱ ስለሆነ። የሚወስደው ጊዜ በግምት የጥልቀቱ ካሬ ለ0.4 ሲካፈል ነው፦ ለ1 ሚሊሜትር 2.5 ሴኮንድ፣ ለ2 ሚሊሜትር 10 ሴኮንድ። ጥልቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ትዕግሥቱ በአራት እጥፍ ይጨምራል።

ደረጃ 6፦ የካሜራው ድክመት
በውጤቱ ላይ በዘፈቀደ ከ−0.1 እስከ 0.1 ዲግሪ ጨምሩ፤ ይህ የካሜራው ንባብ መዋዠቅ፣ ማለትም ሁካታው ነው። ጉድለቱን ወደ 30 ዓምድ አውርዱ፣ ፍላሹንም ወደ 6.25 ቀንሱ። ልዩነቱ በሁካታው ውስጥ ይሰወራል።

አንድ ነገር ሉሁ ይዋሻል። በሉሁ ላይ ልዩነቱ አይጠፋም፤ በእውነተኛው ሰሌዳ ግን ሙቀቱ ወደ ጎን ያመልጣል፣ በተለይ በካርቦን ፋይበሩ አቅጣጫ። ስለዚህ ልዩነቱ ከፍ ብሎ ይመለሳል፣ ከጥልቀቱ የጠበበ ጉድለትም በቀላሉ አይታይም። ይህን ለማየት የጎን ጎረቤቶችንም ማስላት ያስፈልጋል። ለዚያ ኤክሴል አድካሚ ነው፤ በነጻ የሚገኘው ፓይተን ይሻላል። እዚያም የሁለቱ አቅጣጫዎች ቁጥሮች ድምር ከ0.5 እንዳያልፍ ተጠንቀቁ።