በረዶ የሰበረውን የደን ዛፍ እንዴት መከርከም ይቻላል

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በሚያልፈው የጮቄ ተራራ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ በረዶ ከነፋስ ጋር ሲወርድ የሚጎዳው ሰብል ብቻ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ደኖችም ቅርንጫፋቸው ይሰበራል፣ ልጣቸው ይገሸለጣል። ከዚህ በታች የምጽፈው በአጥቢያችን ደን ስሠራ፣ አንዳንዱንም አበላሽቼ የተማርሁትን ነው።

በመጀመሪያ ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ይጠየቃል። ነፋሱ ከበረደ በኋላ ወደ ደኑ ሲገቡ ወደ ላይ እያዩ ይሂዱ፤ ተሰብሮ በሌላ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ እንጨት ሳይታሰብ ይወድቃልና።

ከዚያ የሚቆረጠውን መምረጥ ነው። ደን የጓሮ አትክልት ስላልሆነ፣ ከመንገድ፣ ከመቃብርና ከሕንፃ በላይ ያንዣበበው ይነሣ፤ ሌላው ቢያንስ ዝናቡ እስኪያባራ ይቆይ። ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ሁሉ ሞተ ማለት አይደለም፤ ወይራና ዋንዛ ዳግም ያቆጠቁጣሉ። ጥድ ግን ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨቱ ላይ እምብዛም ስለማያቆጠቁጥ፣ አረንጓዴ የቀረበትን ቅርንጫፉን አይንኩ።

አስቸጋሪው ወፍራም ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዋንዛ ከላይ በመጥረቢያ ስመታው፣ ቅርንጫፉ ከግማሽ ሳልደርስ በክብደቱ ተገንጥሎ የግንዱን ልጥ ክንድ በሚያህል ርዝመት ይዞት ወረደ፤ ቁስሉም አልድን ብሎ ውስጡ በሰበሰ። ስለዚህ መጥረቢያውን ቤት ትተው መጋዝ ይያዙ፤ ሦስት ጊዜም ይቁረጡ። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቀው፣ ከሥር ወደ ላይ የውፍረቱን ሲሶ ይገዝግዙ፤ ይህ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ልጡን ይዞ እንዳይወርድ ያግደዋል። ሁለተኛ፣ ከዚያ ጥቂት ወደ ጫፉ ራቅ ብለው ከላይ ወደ ታች ቆርጠው ይጣሉት። ሦስተኛ፣ የቀረውን ጉቶ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ ያለውን ያበጠ አንገት ሳይነኩ፣ ከአንገቱ ወጣ ብለው በቅርንጫፉ በኩል ይቁረጡ። ዛፉ ቁስሉን የሚሸፍነው ከዚያ አንገት በሚያድግ ልጥ ነው፤ ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መላጨት ለዓይን ያምራል እንጂ ዛፉን ይጎዳዋል፣ ረጅም ጉቶ መተውም መበስበስን ያመጣል። መሰላሉን በሚቆረጠው ቅርንጫፍ ላይ እንደማያስደግፉት መቼም አያጠያይቅም።

ቁስሉን ጭቃ፣ እበት ወይም ቀለም መቀባት ብዙዎች ይወዳሉ፤ እኔ ግን እርጥበት አፍኖ ከመያዝ በቀር ጥቅሙን አላየሁም።

የጎበጠ ችግኝ በዚያው ሳምንት ቀና ተደርጎ፣ በጨርቅ ላላ ብሎ ከካስማ ጋር ይታሰር፤ ሽቦ ግንዱ ሲወፍር ይቆርጠዋል። ቀጫጭኑ እንጨት ለቤተ ልሔም፣ ማለትም የቅዳሴው ኅብስት ለሚጋገርበት ቤት፣ ማገዶ ይሆናል፤ ወፍራሙን ግን በወደቀበት ይተዉት፣ በስብሶ አፈር ይሆናል።