ስቶክሆልም ላላችሁ፦ ጨለማው ሲከብድ

በታኅሣሥ እዚህ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። እንቅልፍ እንቅልፍ ካላችሁ፣ ሰው ማግኘትም ካስጠላችሁ ስንፍና አይምሰላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የብርሃን እጦት ነው። እኔን ያዳነኝ 10,000 ሉክስ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው) የሚሰጥ የብርሃን ሕክምና መብራት ነው። ጠዋት እንደተነሳሁ ጀበናዬን ጥጄ፣ ቡናው እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ፤ ዓይኔን ግን አልተክልበትም። ማታ እንዳትሞክሩት፣ እንቅልፍ ይነሳል። የሳሎን አምፖል አይተካውም፣ በጣም ደካማ ነው። ቀትር ላይ ደግሞ ደመናም ቢሆን ወጣ በሉ። የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። መኖር ካስጠላችሁ ግን የመብራቱን ውጤት አትጠብቁ፤ እባካችሁ አሁኑኑ 112 ደውሉ።