በአሜሪካ ቤት ውስጥ ያገኟት ሸረሪት አደገኛ መሆኗን ለመለየት

በአሜሪካ ቤቶች ከሚታዩት ሸረሪቶች ለጤና የሚያሰጉት ብላክ ዊዶ እና ብራውን ሪክሉስ ከነዘመዶቻቸው ናቸው። ሌሎቹ፣ ወለል ላይ ሲሮጡ የሚያስደነግጡት ትልልቅና ፀጉራም ሸረሪቶችም ጭምር፣ ቢነክሱ እንኳ ሕመሙ ከንብ ንድፊያ እምብዛም አይብስም። የዝርያዋን ስም ባያውቁም ከሁለቱ አንዷ አለመሆኗን ካረጋገጡ ይበቃል።

መጀመሪያ የሚኖሩበትን ቦታ ያስቡ። ብራውን ሪክሉስ የመካከለኛውና የደቡቡ ግዛቶች ሸረሪት ናት፦ ቴክሳስ፣ ኦክላሆማ፣ ካንሳስ፣ ሚዙሪ፣ አርካንሶ፣ ቴነሲ። ዳላስ የሚኖር ሰው ሊጠረጥራት ይገባል። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ወይም ሲያትል ግን በዕቃ ተጭና ካልመጣች በቀር አትገኝም። ብላክ ዊዶ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል አለች።

ሸረሪቷን አይጨፍልቋት፤ ከተጨፈለቀች መለያዋ ሁሉ ይጠፋል። አፈ ሰፊ ብርጭቆ ይድፉባትና ከሥር ጠንካራ ወረቀት ያንሸራትቱ። ከላይ፣ ከሆዷ በኩልና ከፊቷ ፎቶ ያንሱ። መጠኗ እንዲታወቅ አጠገቧ ባለ 25 ሳንቲም ያስቀምጡ።

የብላክ ዊዶ ሴቷ እንደተወለወለ ጫማ የምታብረቀርቅ ጥቁር ናት፤ ሆዷ ክብ ነው፤ ከሆዷ ሥር የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ቀይ ምልክት አለ። በአንዳንዶቹ ምልክቱ መሃሉ ላይ ተቆርጦ ሁለት ይሆናል። ድሯ ላይ በጀርባዋ ስለምትንጠለጠል ሳይነኳት ሊታይ ይችላል። ድሩ ሥርዓት የለሽና ጠንካራ ነው፤ በእንጨት ሲስቡት ጠጠር ያለ ድምፅ ያሰማል። ጋራዥ፣ የውጭ ወንበር ሥር፣ የቆጣሪ ሳጥንና የእንጨት ክምር ይፈልጉ።

ብራውን ሪክሉስን ለመለየት ጀርባዋ ላይ ባለው የቫዮሊን ቅርጽ ብቻ አይመኑ። ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ምንም የማያደርጉ ሌሎች ሸረሪቶችም ተመሳሳይ ጥላ አላቸው። ዓይኖቿን በስልክ ካሜራ አቅርበው ይቁጠሩ፦ አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ሲኖራቸው እሷ ሁለት ሁለት ሆነው የተቀመጡ ስድስት አሏት። እግሮቿ ቀለበትም እሾህም የላቸውም፤ ሆዷ ያለ ምንም ዝንጉርጉር አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። እግሯን ሳይጨምር ከ1.3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠች፣ ወይም ግልጽ ቦታ ላይ ድር ዘርግታ ከተቀመጠች፣ ሌላ ናት።

ብትገኝም አይሸበሩ። ካንሳስ ውስጥ ሌኔክሳ በምትባል ከተማ ከአንድ መኖሪያ ቤት በስድስት ወር 2,055 ብራውን ሪክሉሶች ተሰብስበዋል፤ ከቤተሰቡ ግን ማንም አልተነከሰም። የምትነክሰው ልብስ ወይም አንሶላ ውስጥ ሆና ስትጨፈለቅ ነው።

ሸረሪቷን ሳያዩ ቁስልን በእሷ ማሳበብ ግን እጅግ አደገኛ ነው። «ሸረሪት ነከሰኝ» ተብለው የሚታከሙ ብዙ ቁስሎች የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሆነው ይገኛሉ። ቁስሉ ቀይና ያበጠ፣ መግል ያዘለ ወይም ከአንድ በላይ ከሆነ ሐኪም ይየው። በአንድ ጎን ብቻ በመስመር የወጣ፣ የሚያቃጥልና ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ አይቆዩ።

በእርግጥ ከተነከሱ በሳሙናና በውሃ ይጠቡ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ አድርገው ለ10 ደቂቃ ያንሱ። አይብጡት፣ አይምጠጡት። 1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ መስመር ነው፤ በነፃ 24 ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። የሆድ ወይም የጀርባ ጡንቻ ጠንክሮ ከያዘዎት፣ ላብ ካጠመቀዎት፣ ወይም የተነከሰ ሕፃን ሽንቱ ከጠቆረ፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

በጭስ የሚረጭ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀችውን ስለማይደርስባት ገንዘብ ማባከን ነው። ተለጣፊ ወጥመድ ግድግዳ ጥግ፣ ከሶፋና ከአልጋ ኋላ ያስቀምጡ። በካርቶን የታሸጉ ጋቢና ነጠላዎችን ክዳኑ ጥብቅ ወደሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ያዛውሩ፤ ብራውን ሪክሉስ ካርቶን ትወዳለች። አልጋውን ከግድግዳ 15 ሴንቲ ሜትር ያርቁ፣ ወለል ላይ ያደረ ልብስና ጫማ ያራግፉ። አሁንም ከተጠራጠሩ ሸረሪቷን በትንሽ ጠርሙስ አልኮል ውስጥ አድርገው የካውንቲዎን የዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቢሮ (ስለ ግብርናና ስለ ተባይ ለሕዝብ ምክር የሚሰጥ ቢሮ) ይጠይቁ።