የምርምር ጽሑፎችን በአውቶማቲክ መሣሪያዎች እንዴት ማሰባሰብ ይቻላል፦ የሐዋሳ ሐይቅ እንደ ምሳሌ

ሐዋሳ ተቀምጦ ስለ ሐይቁ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉግል ላይ ጥቂት ቃላት ይጽፋል፣ ከመጀመሪያው ገጽ የቀናውን ያወርዳል፣ የወረዱትንም ፒዲኤፎች ዴስክቶፑ ላይ ይከምራል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ የትኛው ፋይል ከየት እንደመጣ፣ የትኛው እንደተነበበ፣ የትኛውስ በሁለት ስም እንደተቀመጠ ለመለየት ያስቸግራል። ይህን ሥራ የሚያቀሉ፣ ብዙዎቹም ያለ ክፍያ የሚገኙ መሣሪያዎች አሉ። መሣሪያዎቹ የታዘዙትን ብቻ ስለሚያመጡ ግን ከአሠራራቸው ይልቅ ትእዛዙን ማዘጋጀት ይከብዳል፤ ከዚህ በታች ሰፊውን ቦታ የያዘውም እሱ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

1. የፍለጋ ቃላትን በወረቀት ላይ ያዘጋጁ

በመጀመሪያ ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ለምሳሌ «በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣዎች ውስጥ ከባድ ብረቶች ምን ያህል ይገኛሉ?» ይበሉ። ከዚያም ጥያቄውን በሦስት ይክፈሉት፦ ቦታው፣ ዓሣው እና የሚለካው ነገር። ለእያንዳንዱ ክፍል ተመራማሪዎች የተጠቀሙባቸውን ስሞች በሙሉ ይዘርዝሩ።

ከቦታው እንጀምር። የሐዋሳ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዳንዱ በ«ኤች» ይጀምረዋል፣ አንዳንዱ «ኤች»ን ትቶ በ«ኤ» ይጀምረዋል፤ አንዳንዱ «ኤስ»ን ይደግማል፣ አንዳንዱ አይደግምም። ስለዚህ ቢያንስ አራት አጻጻፎች ይኖራሉ ማለት ነው። በ1980ዎቹ ስለ ሐይቁ በወጡ ጥናቶች ውስጥ «ኤች» የሌለው አጻጻፍ የተለመደ ስለሆነ፣ በዛሬው አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሰው የቀደሙትን ጥናቶች ሳያይ ያልፋል። ወደ ሐይቁ የሚገባው የጥቁር ውሃ ወንዝም ስሙ አንዴ ተጣብቆ፣ አንዴ ተለያይቶ ስለሚጻፍ ሁለቱንም ይያዙ።

ዓሣውም እንደዚሁ ነው። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ የሚባለው ዛሬ በሳይንሳዊ ስሙ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ ይባላል፤ በቀደሙት ጽሑፎች ግን ቲላፒያ ኒሎቲካ ወይም ሳሮቴሮዶን ኒሎቲከስ ተብሎ ይገኛል። አምባዛ ክላሪያስ ጋሪፒነስ የሚለው ስም ከመጽናቱ በፊት ክላሪያስ ላዜራ እና ክላሪያስ ሞሳምቢከስ በሚሉ ስሞችም ተጽፏል። ለብረቶቹ ደግሞ «ከባድ ብረት» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ብቻውን አይበቃም፤ ርእሱ ላይ «ሜርኩሪ» ብቻ ያለ ጽሑፍ እንዳያመልጥዎ ሜርኩሪን፣ ሊድን፣ ካድሚየምን በየስማቸው ይጨምሩ።

በመጨረሻም በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉትን ስሞች «ኦር» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሦስቱን ክፍሎች እርስ በርስ ደግሞ «ኤንድ» በሚለው ያያይዙ፤ እያንዳንዱን ክፍል በቅንፍ ውስጥ ያስገቡ፤ ከአንድ ቃል በላይ የሆነውንም ስም በትምህርተ ጥቅስ ይክበቡ። «ሐዋሳ» የሚለውን ብቻውን ማዘዝ አይመከርም፤ ብዙ መረጃ ቋቶች ቃሉን በደራሲው አድራሻ ውስጥም ስለሚፈልጉት፣ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የስንዴም የወሊድም ጥናት አብሮ ይግተለተላል። «ሐዋሳ ሐይቅ» የሚለውን ሙሉ ሐረግ በጥቅስ ማዘዝ፣ ፐብሜድ በተባለው የጽሑፎች ቋት ላይ ደግሞ ፍለጋውን በርእስና በአጭር መግለጫ ብቻ መወሰን ከዚህ ጣጣ ያድናል።

2. ዞቴሮን ይጫኑ

ዞቴሮ በ2006 በአሜሪካው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ የጽሑፎች ማደራጃ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን ኮምፒውተርዎ ላይ፣ ተቀጥላውን ደግሞ በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ላይ ይጫኑ። ከዚያ በኋላ አንድ የጆርናል ገጽ ላይ ሆነው የተቀጥላውን ምልክት ሲጫኑ የጽሑፉ ርእስ፣ ደራሲዎች፣ ዓመትና ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ መለያ) ተለቅመው ይገባሉ።

ዞቴሮ በኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚሰጠው የፋይል ማስቀመጫ 300 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ በፒዲኤፍ ቶሎ ይሞላል። በቅንብሩ ውስጥ የፋይሎችን ማመሳሰል አጥፍተው የመዝገቦቹን ማመሳሰል ብቻ ቢተዉት፣ ቦታ የማይጨርስ ከመሆኑም በላይ በደካማ ኔትወርክም ይሠራል። የዞቴሮን የመረጃ ፎልደር በድሮፕቦክስ ወይም በዋንድራይቭ ውስጥ አያስቀምጡ፤ መረጃ ቋቱ ሊበላሽ ይችላል። ፕሮግራሙን ዘግተው ፎልደሩን በየጊዜው ወደ ፍላሽ መገልበጥ የተሻለ ነው፤ መብራት በድንገት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚሠራ ሰውማ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

3. ውጤቶቹን በጅምላ ይሰብስቡ

ኦፕንአሌክስ በተባለው የምርምር ጽሑፎች መረጃ ቋት ቢጀመር ጥሩ ነው። ማይክሮሶፍት የራሱን የምርምር ጽሑፎች መረጃ ቋት በ2021 መጨረሻ ሲያቆም ክፍተቱን ለመሙላት በጥር 2022 የተከፈተ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከጥንቱ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ነው። ያዘጋጁትን ትእዛዝ አስገብተው ውጤቱን በአንድ ፋይል ማውረድና ወደ ዞቴሮ ማስገባት ይቻላል። ከ1996 ጀምሮ የሚሠራው ፐብሜድ ደግሞ የጤናና የሥነ ሕይወት ጽሑፎችን ይይዛል፤ «ሴንድ ቱ» በሚለው ምርጫ ውጤቱን በአንድ ጊዜ ይልክልዎታል።

እነዚህ ሁለቱ የማይደርሱበት ብዙ የአገር ውስጥ ሥራ አለ። በኢትዮጵያ ጆርናሎች የወጡ፣ በተለይም ዲኦአይ የሌላቸው ጽሑፎች በትልልቆቹ ቋቶች ውስጥ ላይገኙ ስለሚችሉ፣ ከ1998 ጀምሮ የአፍሪካ ጆርናሎችን የሚያሰባስበውን አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንን እና የዩኒቨርሲቲዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ክምችቶች በእጅ መፈተሽ ያስፈልጋል። አሰልቺ ቢሆንም ለአካባቢ ጥናት ከሁሉ የበለጠ የሚክሰው ይህ ክፍል ነው።

ጉግል ስኮላር ሰፊ ነው፤ ሆኖም ለአንድ ፍለጋ ከ1000 በላይ ውጤት አያሳይም፣ ለፕሮግራም የተዘጋጀ መግቢያም የለውም፤ ፈጣን የሆነ አውቶማቲክ ጥያቄ ሲያይም ሮቦት አለመሆንዎን እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቅ አንባቢ በሩን ክፍት ወዳደረጉት ቢሄድ ይሻላል፤ የዲኦአይ መዝገቦችን የሚይዘው ክሮስሬፍ ለጥያቄዎ ያለ ምዝገባ ይመልሳል፣ ኢሜይልዎን በጥያቄው ላይ ሲያክሉም በተሻለ ሁኔታ ያስተናግዳል፤ ፐብሜድ ያለ ቁልፍ (ድረ ገጹ ለተጠቃሚ የሚሰጠው የመለያ ኮድ) በሰከንድ እስከ 3፣ በቁልፍ እስከ 10 ጥያቄ ይፈቅዳል፤ ጽሑፎች በጆርናል ከመውጣታቸው በፊት የሚለጠፉበት አርካይቭ ደግሞ በሁለት ጥያቄዎች መካከል 3 ሰከንድ እንዲታገሡ ይጠይቃል።

4. ተደጋጋሚዎቹን ያጽዱ

አንድ ጽሑፍ ከሦስት ቦታ ሦስት ጊዜ ይመጣል። ዞቴሮ «ዱፕሊኬት አይተምስ» በሚለው ክፍል ተመሳሳይ የመሰሉትን ለይቶ ያሳያል፤ አይተው ያዋሕዷቸዋል። ለእኛ አገር ስሞች ግን ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ከበደ አበበ የተባለን ደራሲ አንዱ አሳታሚ አበበን፣ ሌላው ከበደን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ዞቴሮ ደግሞ ከርእስና ከዲኦአይ በተጨማሪ የደራሲ ስምና ዓመት ስለሚያስተያይ፣ ስሙ የተገለበጠበትን መዝገብ ሌላ ጽሑፍ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩን በርእስ ቅደም ተከተል አሰልፈው አንድ ጊዜ በዓይንዎ ይለፉት፤ የደራሲዎቹንም ስም የትምህርት ክፍልዎ በሚያዘው አጻጻፍ አንድ ወጥ ያድርጉ።

5. ሙሉ ጽሑፎቹን ያግኙ

መዝገቦቹን መርጠው በቀኝ ጠቅታ «ፋይንድ ፉል ቴክስት» የሚለውን ሲያዙ፣ ዞቴሮ በሕጋዊ መንገድ በነጻ የተለቀቁትን ቅጂዎች ፈልጎ ያያይዛል። ክፍያ የሚጠይቁትን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በሚከፍተው በሪሰርችፎርላይፍ መርሐ ግብር ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙ አገሮች መካከል ስለሆነች፣ ተቋምዎ ተመዝግቦ ከሆነ የመግቢያ ስሙን የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ይጠይቁ። የተገኘውን ጆርናል ሁሉ በፕሮግራም ማውረድ ግን በአሳታሚዎች ውል የተከለከለ ነው፤ ግቢው በሙሉ በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በሚወጣበት ተቋም የአንድ ሰው ችኮላ የሁሉንም በር ሊያዘጋ ይችላል።

6. ማሳወቂያ ያዝዙ፣ መዝገብ ይያዙ

አዲስ የሚወጣውን በየሳምንቱ ከመፈለግ ይልቅ ጉግል ስኮላር ላይ «ክሪኤት አለርት» የሚለውን ተጭነው ውጤቱ በኢሜይል እንዲመጣልዎ ያድርጉ። ፐብሜድ አዳዲስ ውጤቶችን በራሱ የሚያደርስ የአርኤስኤስ አድራሻ ስለሚሰጥ እሱን በቀጥታ ከዞቴሮ ጋር ማገናኘት ይቻላል።

ፍለጋ ባደረጉ ቁጥር ቀኑን፣ የቋቱን ስም፣ የተጠቀሙበትን ትእዛዝ እንዳለ ገልብጠው፣ የተገኘውንም የውጤት ብዛት በአንድ ሠንጠረዥ ይመዝግቡ። የተደራጀ የጽሑፍ ቅኝት ለሚሠራ ሰው በ2020 የታደሰው የፕሪዝማ መመሪያ የየቋቱን ሙሉ የፍለጋ ትእዛዝ እንዲያቀርብ ይጠይቀዋል፤ በኋላ ከማስታወስ ለመጻፍ መሞከር አያዋጣም። ሥራዎን ከማስረከብዎ በፊት ያንኑ ትእዛዝ ደግመው ያስኬዱና ከመጀመሪያው ፍለጋ ወዲህ የወጡትን ብቻ ይጨምሩ። ዞቴሮ ስሕተት ተገኝቶባቸው በጆርናሉ የተሻሩ ጽሑፎችን ከሪትራክሽን ዋች መረጃ ጋር እያመሳከረ በቀይ ምልክት ያሳያል፤ በዝርዝርዎ ውስጥ ቀይ ምልክት ካዩ ጽሑፉ ለምን እንደተሻረ ያንብቡ፣ በሥራዎ ውስጥ የጠቀሱበትንም ቦታ ከማስረከብዎ በፊት ያስተካክሉ።