ከአዘዞ ወፍጮ እስከ መተማ ሰሊጥ፦ የካርበን ልቀት ሲሰላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የውጭ አገር የመብራት ስሌት መዋስ። ብዙዎቹ የልቀት ማስያ ቅጾች የተሠሩት መብራታቸውን ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ለሚያገኙ አገሮች ነው። የእኛ መብራት ግን ከሞላ ጎደል የግድብ ውኃ ነው። አዘዞ ያለ ወፍጮ ቤት የቆጣሪውን ንባብ በውጭ ቁጥር ቢያባዛ የሌለ ጭስ ይጽፋል። ጭሱ ያለው መብራት ሲጠፋ በሚነሳው ጄኔሬተር ላይ ነው፦ 10 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 27 ኪሎ ገደማ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ናፍጣው ራሱ 8.5 ኪሎ አይሞላም፤ የተረፈውን ክብደት የጨመረው ሲነድ ከአየር የሚስበው ኦክስጅን ነው። የመብራትና የናፍጣ ደረሰኝ ለየብቻ ይያዙ።

ካርበንን ከካርበን ዳይኦክሳይድ ማምታታት። 1 ቶን ካርበን ሲቃጠል 3.67 ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሁለት ሪፖርት ከማወዳደርዎ በፊት መለኪያቸውን ይዩ።

ከሰልን ከምድጃው ጀምሮ መቁጠር። ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለናል። በአፈር ተቀብሮ በሚከሰልበት ልማድ 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 7 ኪሎ እንጨት ይፈልጋል። ቅዳሜ ገበያ የተሸጠ 30 ኪሎ የሚመዝን ማዳበሪያ ከሰል ከኋላው ከ150 እስከ 210 ኪሎ እንጨት አለ። ክምሩ አየር ስለሚያጥረው ሜቴን የተባለ ምድርን የሚያሞቅ ሌላ ጋዝም ያወጣል፤ ምድጃው ላይ ብቻ የቆጠረ ሰው ይህን ሁሉ ያጣዋል። የተቆረጠው ዛፍ ተመልሶ ካደገ ካርበን ዳይኦክሳይዱን መልሶ ይስባል፣ ሜቴኑ ግን ይቆጠራል። ካልተተካ ሁሉም ይቆጠራል።

የባዶ መኪና ጉዞ መርሳት። ለምሳሌ 100 ኩንታል ሰሊጥ ከመተማ ጎንደር ያመጣ መኪና ሲመጣ 60 ሊትር፣ ባዶውን ሲመለስ 40 ሊትር ቢያቃጥል፣ በኩንታል 2.7 ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ነው። መምጫውን ብቻ ካሰሉ 1.6 ይሆናል። መኪናው ሲመለስ ሌላ ዕቃ ከጫነ የመልሱ ናፍጣ ለዚያ ዕቃ ይጻፋል።

ላኪና ገዢን መደራረብ። በአገራት የልቀት ዘገባ ልቀት የሚመዘገበው ነዳጁ በተቃጠለበት አገር ነው። በፍጆታ ስሌት ግን ወደ ውጭ የተላከ ሰሊጥ ልቀት ለገዢው አገር ይጻፋል። ሁለቱን አንድ ሠንጠረዥ ላይ የደመረ አንዱን ጭስ ሁለቴ ቆጥሯል።

በአንድ ብር ምርት የሚሰላው ልቀት ቀነሰ ብሎ ጠቅላላው ቀነሰ ማለት። ምርት በ8 በመቶ አድጎ በብር የሚሰላው ልቀት በ3 በመቶ ቢወርድ፣ 1.08 በ0.97 ሲባዛ 1.048 ነው፤ ጠቅላላው ልቀት 5 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፉ።