ውድድር ያቆመን የሞተርሳይክል ተወዳዳሪ ውጤት እንዴት እንመዝን?

ውድድር ያቆመን የሞተርሳይክል ተወዳዳሪ ለመመዘን የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ዋንጫ በመቁጠር ነው፤ ቆጠራው ስሕተት ባይሆንም ብቻውን ሲቀር ግን ብዙ ነገር ይደብቃል። ለማሳያ አውስትራሊያዊውን ኬሲ ስቶነርን እንውሰድ። ስቶነር የዓለም የሞተርሳይክል ግራንድ ፕሪ ውድድር ዋና (ከፍተኛ) ምድብ በሆነው በሞቶጂፒ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በ2007 በዱካቲ፣ በ2011 ደግሞ በሆንዳ ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)፣ ጣሊያናዊው ቫለንቲኖ ሮሲ ግን በዋናው ምድብ ብቻ 7 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል።

በመጀመሪያ ምድቦቹን ይለዩ። የሮሲ 115 ድሎች አነስተኛ ሞተር በሚነዳባቸው ዝቅተኛ ምድቦች፣ በ125 እና በ250 ሲሲ፣ ያገኛቸውንም ያጠቃልላሉ፤ የዋናው ምድብ ድሎቹ 89 ናቸው። ስቶነርም በጠቅላላው 45፣ በዋናው ምድብ 38 ጊዜ አሸንፏል።

ቀጥሎ ድሎቹን ተወዳዳሪው በተሰለፈባቸው ውድድሮች ብዛት ያካፍሉ። ስቶነር በዋናው ምድብ 115 ጊዜ ስለተሰለፈ ከመቶ 33 ያህሉን አሸንፏል፤ 372 ጊዜ የተሰለፈው ሮሲ ደግሞ ከመቶ 24 ያህሉን። ይሁንና በዚህ ስሌት ብቻ ስቶነርን የሚያስበልጥ ሰው ይቸኩላል፤ ምክንያቱም ስቶነር በ27 ዓመቱ ሲያቆም ሮሲ እስከ 42 ዓመቱ ቀጥሏል፤ የሮሲን ውጤት እስከ 2009 ብቻ ብንወስድ ደግሞ ከአሥር ውድድር ከአራት በላይ ያሸንፍ ነበር። ስለዚህ ማነጻጸር ያለብዎት ተቀራራቢ የዕድሜ ዘመኖችን ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ተወዳዳሪውን ከሞተሩ መለየት ነው። ለዚህ ከቡድን አጋር የተሻለ ሚዛን አላውቅም፤ ሁለቱ የሚነዱት ተመሳሳይ ሞተር ነውና። በ2007 ስቶነር 10 ጊዜ ሲያሸንፍ የቡድን አጋሩ ሎሪስ ካፒሮሲ 1 ጊዜ ብቻ አሸነፈ፤ በ2008 ስቶነር 6 ድል ሲያገኝ በዚያው ዱካቲ የተወዳደረው ማርኮ ሜላንድሪ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዱ ሆኖ የጨረሰበት አንድም ውድድር አልነበረም። ተወዳዳሪው ቡድኑን ከለቀቀ በኋላ የሆነውንም ይመልከቱ፦ በ2011 እና በ2012 በዱካቲ በስቶነር ቦታ የገባው ሮሲ ራሱ አንድም ውድድር አላሸነፈም፤ ዱካቲም ከስቶነር በኋላ ድልን ያየው በ2016 በኦስትሪያ ነው። በእኔ ግምት ከስቶነር 38 ድሎች በዱካቲ የተገኙት 23ቱ በሆንዳ ከተገኙት 15ቱ ይልቅ የሚከብዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ተወዳዳሪው የቀረባቸውን ውድድሮች በባዶ አይለፉ። ስቶነር በ2009 በድካም ምክንያት 3 ውድድር ቀርቶ ሲመለስ በፖርቱጋል ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያም በአውስትራሊያው ፊሊፕ አይላንድና በማሌዥያው ሴፓንግ መወዳደሪያ ስፍራዎች አሸነፈ። በ2012 በኢንዲያናፖሊስ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን ከጎዳ በኋላም 3 ውድድር አምልጦታል፤ ያም ሆኖ በዓመቱ ሦስተኛ ሆኖ ጨርሷል። የነጥብ ሰንጠረዡ ቁጥሩን እንጂ መንስኤውን አይነግርዎትም፤ የየውድድሩን ውጤት አንድ በአንድ መመልከት የግድ ነው።

በአንድ መወዳደሪያ ስፍራ የተደጋገመ ድል ካለ ለብቻው ይመዝግቡ፤ ስቶነር ከ2007 እስከ 2012 በፊሊፕ አይላንድ በተከታታይ 6 ጊዜ ያሸነፈ ሲሆን፣ ከመታጠፊያዎቹም አንዱ በስሙ ተሰይሟል።

በመጨረሻ ያቆመበትን ሁኔታ ይመርምሩ። ጉዳት ያስቆመው ሰውና በፈቃዱ የወጣ ሰው አንድ አይደሉም፦ አውስትራሊያዊው የቀድሞ ሻምፒዮን ማይክ ዱሃን በ1999 በስፔን ሄሬዝ ከደረሰበት ከባድ አደጋ በኋላ ሲያቆም፣ ስቶነር ግን ውሳኔውን ገና የሻምፒዮንነት ክብሩን እንደያዘ በግንቦት 2012 በፈረንሳይ ለማን አስታውቋል። ከዚያ በኋላ የመጡትን፣ ለምሳሌ በ2015 በጃፓን በሱዙካ የ8 ሰዓት ውድድር የደረሰበትን አደጋና ለዱካቲ የሠራውን የሙከራ ነጂነት፣ ከግራንድ ፕሪ ውጤቶቹ ጋር ሳይደባልቁ በተለየ ዝርዝር ያስቀምጧቸው።